የአባየ ሁለት አሶች

ይድረስ ለወንድሜ ለደረሰ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? የጁባ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ያ ወባ ተወህ ወይስ አሁንም ይመላለስብሃል? ጋራዡስ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከብርዱና ከጭቃው በቀር ሁላችንም በአካል ደህና ነን።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ፣ ስደውልልህ አባየ ከአጠገቤ ስለማይጠፉ ነው። ጓደኛህ ብሥራት ነገ ወደ አንተ ስለሚነሳ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። አደራህን፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

አንተ ከሄድህ ወዲህ በብሪጅ ካርታ ጨዋታ የአባየ ተጣማሪ እኔ መሆኔን ታውቃለህ። ባለፈው እሑድ እነ ጋሽ ባዘዘው፣ የዳንግላዎቹ ጡረተኛ መምህራን፣ ሊገጥሙን መጥተው ነበር። መጨረሻ ላይ እንዴት ያለ ካርታ ደረሰኝ መሰለህ! ስምንት ቀይ ልብ፣ ሦስት አስ፣ አበባ የሚባል ደግሞ አንድም የለ። ጨረታውን በልብ ከፈትኩ፤ አባየም ልብ አለኝ ብለው ደገፉኝ። ስድስት ልበል፣ ማለት ከአስራ ሦስቱ ዙር አስራ ሁለቱን እንበላለን ብዬ ልድፈር ወይስ ልተው እያልኩ፣ ስንት አስ እንዳላቸው በጨረታው ደንብ ጠየቅኋቸው። ሁለት ብለው መለሱ።

ወንድሜ፣ ካርታው ውስጥ ያለው አስ እኮ አራት ብቻ ነው! ሦስቱ እኔ እጅ ናቸው። አሱን ከተሳሳቱ፣ ልብ አለኝ ያሉትስ እውነት ነው? እዚያው ላይ ባቆም ደግሞ፣ ሁለት አስ ይዤልሽ ምን አስፈራሽ ብለው በሰው ፊት ይጠይቁኛል፤ ምን ልላቸው ነው? ስድስት አልኩ።

ጋሽ ባዘዘው የአበባውን አስ ወረወሩ። አራተኛው ለካ እሳቸው ዘንድ ነበር! አባየ እንደ ደንቡ ካርታቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ልቡ አለ፤ አስ ግን አንድም የለም። ሁለት ንጉሥ ነው አስ ብለው የቆጠሩት። ፈገግ ብለው ይኸው አሉኝ። ጋሽ ባዘዘው ካርታውን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ አቀርቅረው የራሳቸውን ካርታ ማስተካከል ያዙ። አበባ ስለሌለኝ አሳቸውን በልብ መታሁት፤ አስራ ሁለቱን በላን። አባየ የልጄን ድፍረት አያችሁ እያሉ ሲፈነድቁ፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ተንሰቀሰቅሁ።

ዓይናቸው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማክሰኞ በባጃጅ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ መርምራ ዓይናቸው ደህና ነው ስትለኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሌላው ሰው እልል ይል ነበር፤ እኔ ምነው ሞራ በሆነ አልኩ። ስንመለስ አባየ እጄን ይዘው፣ ነገሩ ካርታ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከገበያ ሲመለሱም መንገዱ እንደሚጠፋባቸው ነገሩኝ። ለደረሰ እንዳትጽፊበት፣ ይጨነቃል ብለውም ለመኑኝ። አባየ እኔን ሲለምኑ! እማየ እርጅና ነው እያለች ታልፈዋለች።

እባክህ ለመስቀል ና። ሥራ በዛ አትበለኝ። ለገና ልምጣ ትል ይሆናል፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

እማየ ጉንጭህን ትስማለች። ልጄ ሀይማኖት አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ጎረቤታችን እትዬ ይመኙሽም ናፍቆኛል በይልኝ ብለዋል። የአባየን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልህም፤ መጻፌንም አያውቁም። እሱን አንተው መጥተህ፣ እያወቁህ፣ ከራሳቸው አፍ ተቀበል።

እህትህ ፀደይ
ቆሰበር፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.