የአይጡ እውነተኛ ሠዓሊ

እናታችን ከሰዓት አዳሹ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ በጥቅምት ወር 1944 ዓ.ም. ከአንድ ብስክሌት መጠገኛ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው እሳቸው አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ስላረፉ፣ ለብቻቸው ያሳደጓቸው ልብስ ሰፊዋ አያታችን ናቸው። አያታችን ጨርቅ በሚቆርጡበት ጠረጴዛ ሥር እናታችን ተቀምጠው፣ ልክ የሚወጣበትን ቡናማ ወረቀት ቁርጥራጭ እየለቀሙ ከዚያ ሆነው የሚታያቸውን ሁሉ ይሥሉ ነበር። ከጠረጴዛ ሥር የሚታየው ደግሞ እግር ነውና፣ በስድስት ዓመታቸው የሠፈሩን ሰው በሙሉ በጫማው ሥለው ጨርሰው ነበር ይባላል። አንድ ቀን ዳቦ ሻጩ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ የገዛ እግሩን ወረቀት ላይ ቢያይ፣ ሱሪውን ትቶ ጫማውን ሊያስጠግን እንደሄደ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያወራው ነው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሠፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው፣ በ1962 ዓ.ም. ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። የሁለት ዓመቱን ኮርስ በማዕረግ ጨርሰው በ1964 ዓ.ም. የመማሪያ መጻሕፍት በሚታተሙበት ማተሚያ ቤት፣ በሥዕል ክፍሉ ውስጥ ተቀጠሩ። የሥራ መደባቸው "ሥዕል ገልባጭ" ይባል ነበር። በወረቀት ላይ እንዲህ ይባል እንጂ የሚገለብጡት ሥዕል አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ መስኮት፣ የቀለም ጠርሙሶችና የተሳሳተ መስመር የሚፋቅባቸው ምላጮች ነበሩ። ከእነዚህ ከስድስቱ ጠረጴዛዎች በአንዱ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ብዙዎቻችሁ ማንበብ የተማራችሁባቸው ሥዕሎች ተሠርተዋል።

እናታችን ሐሳብ ፍለጋ ራቅ ብለው አልሄዱም። "ሥዕል ከሰማይ አይወርድም፤ ከአውቶቡስ ነው የሚወርደው" ይሉ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ተሳፋሪ ሲወርድ እግሩን እንዴት እንደሚዘረጋ፣ እንቁላል ሻጭዋ ደንበኛ ስታጣ አገጯን በምን ላይ እንደምታስደግፍ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት አንድ ጃንጥላ ሥር እንዴት እንደሚራመዱ በኪስ ደብተራቸው ላይ ይይዙ ነበር። ደብተሩን ከወረቀት ቆራጩ ማሽን ሥር ከሚጣለው ትርፍራፊ እየጠረዘ የሚያዘጋጅላቸው ከታች ክፍል የሚሠራ ዝምተኛ ጠራዥ ነበር። አሥራ አራተኛውን ደብተር ሲሰጣቸው መጨረሻው ገጽ ላይ "ታገቢኛለሽ ወይ?" ብሎ ጽፎበት ነበር። እናታችን ደብተሩን እስኪሞሉት ድረስ ያንን ገጽ ስላላዩት አባታችን ሦስት ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላ ብሏቸው ከረሙ። በ1966 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለታችንን ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

በ1967 ዓ.ም. የሁለተኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ ታተመ። በውስጡ አንድ መቶ አሥራ ስምንት ሥዕሎች ነበሩ፤ አንድ መቶ አሥራ ስምንቱንም የሠሩት እናታችን ናቸው። የመጀመሪያው ቅጂ ከማሽን ሲወጣ ግን "ሥዕል" ከሚለው ቃል ቀጥሎ የታተመው የክፍሉ ኃላፊ ስም ነበር። እናታችን ሄደው ቢጠይቋቸው ኃላፊው ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው "አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ስምሽ የሚወጣበት ብዙ መጽሐፍ ይመጣል" አሏቸው።

ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይታለፍ ነበር። አያታችን ግን ለደንበኞቻቸው ሁሉ "የልጄ መጽሐፍ ሊወጣ ነው" ብለው አውርተው ነበርና፣ እናታችን ያንን መጽሐፍ ይዘው ወደ ቤት መግባት ነበረባቸው። አያታችን መነጽራቸውን አድርገው ሽፋኑን ገልጠው አነበቡ። ከዚያ መጽሐፉን ከደኑት።

"ልጄ፣ ድህነት አያሳፍርም" አሉ። "የሰውን ላብ የእኔ ነው ማለት ግን ያሳፍራል።"

እናታችን ማሉ፣ ተገዘቱ። አያታችን ማመን ቢያቅታቸው፣ እናታችን እርሳስ አንሥተው ከመጽሐፉ አንዱን ሥዕል እዚያው እፊታቸው ሠሩላቸው። አያታችን ሥዕሉን አይተው "መገልበጥማ ሥራሽ አይደል?" አሉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ከአራት ወር በኋላ ድንገት ታመው አንደበታቸው ተያዘ፤ በሰባተኛው ቀን አረፉ። ልጃቸውን ዋሾ ነች ብለው እንዳመኑ አረፉ።

እዚህ የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ሙት በሚሸኝበት ቀን ክፉ አይነገርም እንደምትሉ አውቃለሁ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ታላቋ ልጃቸው ነኝ፤ ሳልናገር እንዳልቀር ያዘዙኝም ሟቿ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ከኃላፊው ላይ አንቱታውን አነሣለሁ።

በቀጣዩ ዓመት ኃላፊው በእነዚያ ሥዕሎች ተሸለመ። መድረክ ላይ ቆሞ "ሐሳቡ የሚመጣልኝ ማለዳ ስነሣ ነው" ብሎ ሲናገር፣ እናታችን ከበስተኋላው በመስታወት የተገጠመውን ሥዕል በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። እህቴን እርጉዝ ነበሩ። ተቀመጪ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እናታችን ስለ ስማቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። አባታችን፣ እናታችን ነገሩን የተዉት መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር። በ1970 ዓ.ም. የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ መጣ። በውስጡ ጉንዳኖች የሰበሰቡትን እህል እየሰረቀ ጎተራውን ስለሚሞላ አንድ አይጥ የሚተርክ ተረት ነበር። እናታችን አይጡን ሣሉት። ቀጭን ጺም ሰጡት፤ በክር ታስሮ ደረቱ ላይ የሚንጠለጠል መነጽር ሰጡት፤ ሁለቱን እጆቹን ከኋላው አቆላልፎ ሆዱን ቀድሞ እንዲራመድ አደረጉት፤ የፊት ጥርሶቹንም ፍንጭት አደረጓቸው። በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ማንም ሰው ያንን አካሄድ ከጀርባው አይቶ ማን እንደሆነ ይለያል። ኃላፊው ግን እንደ ልማዱ ሥዕሎቹን ሳያያቸው በእያንዳንዱ ጥግ "ይታተም" ብሎ ፈረመ። በመጽሐፉ የውስጥ ሽፋን ላይም ስሙን አስገባ።

ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ይባላል። ለዚህኛው አይጥ ግን ምስክሮቹ ሕፃናት ነበሩ። መጀመሪያ አንዲት ተማሪ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ የእናቷን ቀሚስ እየጎተተች "እማዬ፣ አይጡ! አይጡ ቆሟል!" አለች። ቀጥሎ ኃላፊው ከቢሮው ፊት ለፊት ባለው ትምህርት ቤት በር ባለፈ ቁጥር ልጆች እጃቸውን ከኋላ አቆላልፈው ይከተሉት ጀመር። በመጨረሻ የገዛ ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ መጽሐፉን ዘርግቶ "አባዬ፣ ለምንድን ነው እህል የምትሰርቀው?" ብሎ ጠየቀው።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወደ እናታችን ጠረጴዛ መጣ። አባታችን በዚያን ሰዓት የወረቀት ጥቅል አድርሰው በሩ ላይ ቆመው ስለነበር፣ የተባለውን ቃል በቃል ነግረውናል።

"ይሄ ማነው?" አለ ገጹን ገልጦ።

"አይጥ ነው" አሉ እናታችን።

"እኔ ነኝ!"

"እርስዎማ ሠዓሊው ነዎት፤ ስምዎ ሽፋኑ ላይ አለ። ራስዎን አይጥ አድርገው ለምን እንደሣሉ እኔ በምን አውቃለሁ?"

አንዱ ሠራተኛ ሳቁን ለመዋጥ ብሎ የቀለም ብሩሹን ነከሰ።

"ቀይሪው" አለ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እቀይረዋለሁ። ብቻ ለዋናው ሥራ አስኪያጅ አንድ ደብዳቤ ይጻፉ። 'የሁለቱንም መጻሕፍት ሥዕሎች የሠራችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም' ይበሉ። ደብዳቤው በደረሰ ማግስት አይጡ መነጽሩን ያወልቃል፣ ጺሙንም ይላጫል።"

ኃላፊው ደብዳቤውን አልጻፈም። እናታችንን እንዳያባርራቸው፣ እሳቸው ከሄዱ ማን ይሥልለታል? ሌላ ገልባጭ አይጡን እንዲያስተካክለው ቢያዝዝ፣ ገልባጩ "በጽሑፍ ይታዘዝልኝ፤ ምክንያቱም ይገለጽልኝ" ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። በዚህ ሁኔታ መጽሐፉ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ እንደገና ታተመ። አሥራ አንድ ጊዜም እናታችን ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ ሄደው "ደብዳቤው ደረሰልኝ?" ብለው ጠየቁት። አሥራ አንድ ጊዜም "ይታተም" ብሎ ፈረመ። ሰውየው ከእውነትና ከአይጥነት አንዱን ምረጥ ቢባል፣ አይጥነቱን በየሁለት ዓመቱ በገዛ እጁ እየፈረመ መረጠ። ከተማው በሙሉ "አቶ አይጥ" ይለው ጀመር። ጡረታ በወጣበት ዕለት የሽኝት ንግግር ያደረጉት ሥራ አስኪያጅ እንኳ "ክቡር አቶ አይ…" ብለው ጀምረው ሳል ያዛቸው፤ ሳሉም ከእሳቸው አልፎ ወደ አዳራሹ ሁሉ ተዛመተ።

ቂም ያከሳል ይባላል። እናታችንን ግን አላከሳቸውም። ጥሩ ይበሉ ነበር፣ ጥሩ ይተኙ ነበር፣ ከልባቸው ይስቁ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ ራሴ የልጅ እናት ከሆንኩ በኋላ፣ "እማዬ፣ አሁንስ አይበቃም?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ለእኔማ ድሮ በቅቶኛል" አሉኝ። "ያንን ደብዳቤ የምፈልገው እናቴ መቃብር ላይ ላነበው ነበር።" ከዚያ ወዲህ ደግሜ አልጠየቅኋቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቂሙ የእኔም ሆነ።

በ1999 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ አባታችንም በ2006 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ እናታችን ሳሎናቸውን ለወጣት ሠዓሊዎችና የግራፊክስ ባለሙያዎች ክፍት አደረጉት። ኮምፒውተራቸውን ተሸክመው የሚመጡትን ወጣቶች "እሱን እዚያ አስቀምጡት፣ አይሰረቅም" ብለው ወደ አውቶቡስ ተራ ይወስዷቸው ነበር። አንዷ ተማሪያቸው ከአልጋቸው ሥር በካርቶን የተቀመጡትን የኪስ ደብተሮችና የመጻሕፍቱን የእርሳስ ንድፎች አይታ አልተወቻቸውም። በ2011 ዓ.ም. ኤግዚቢሽን ተከፈተ። የእናታችን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ማሽን የታተመው በዚያ ፖስተር ላይ ነው። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር። አንድ ጋዜጠኛ ለኃላፊው ስልክ ደውሎ ቢጠይቀው "ሥራው የጋራ ነበር" ብሎ መለሰ። እናታችን ጋዜጣውን አንብበው "ገና ግማሹን ነው የለቀቀው" አሉ።

ባለፈው ዓመት የጀመራቸው የሳንባ ሕመም በዚህ ዓመት ጠንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። የረጅም ጊዜ ጓደኛቸው፣ የማተሚያ ቤቱ የቀድሞ አራሚ፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው "እባክሽ ይቅር በይው፤ ቂም ይዘሽ አትሂጂ" ብለው ለመኗቸው። እናታችንም "ይቅርታማ አለኝ፤ አጥፍቻለሁ ለሚል ሰው አስቀምጬዋለሁ" አሏቸው።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ከኃላፊው ደብዳቤ መጣ። አነበብኩላቸው። እንዲህ ይላል፦ "ባለፉት ዓመታት በመካከላችን ለተፈጠረው አለመግባባት ከልብ አዝናለሁ። ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክልዎ።"

"ምን አለ?" አሉ እናታችን። "አለመግባባት?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"እኛማ በደንብ ነው የተግባባነው። ቀዩን እስክሪብቶ አቀብዪኝ።"

ትራስ ደግፈን ቀና አደረግናቸው። "አለመግባባት" የሚለውን ቃል አከበቡት። በኅዳጉ ላይ "ይታረም" ብለው ጻፉበትና ፖስታው ውስጥ መልሼ እንዳደርስለት አዘዙኝ። በሕይወታቸው የጻፉት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። ፖስታውን ራሴ ወስጄ በሩ ላይ ለሴት ልጁ ሰጥቻለሁ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ታርሞ አልተመለሰም።

እናታችን የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ሁለታችን እጃቸውን እንደያዝን፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ሴቶች ልጆችን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ሁለት መቶ ስድስት የኪስ ደብተሮችንና ማንበብ በእሳቸው ሥዕል የተማረ አንድ ትውልድ ትተዋል። በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል የንባብ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ሥዕሎች በሙሉ፣ አይጡን ጨምሮ፣ የእናታችን ሥራዎች መሆናቸውን ቤተሰቡ በዚህ ያስታውቃል። መጽሐፉ ቤታችሁ ካለ ሽፋኑን ገልጣችሁ በእርሳስ አስተካክሉልን።

በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችኋቸው፣ ዛሬም ከእኛ ጋር ለቆማችሁ ሁሉ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን። ለእናታችን ነፍስ ዘላለማዊ ዕረፍትን ይስጥልን። ለሥዕል ክፍሉ ኃላፊም ዕድሜውን ያርዝምለት፤ ዓይኑን ያብራለት፣ እጁንም ያበርታለት። የሚጽፈው አንድ ደብዳቤ አለበትና።