«አይጨምርም» ለሚለው ቃል የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የቤቶች እድሳት ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ እንዲሁም ሰሞኑን ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ስለሆነ የቤትዎን ጣሪያና ወለል ደህንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ፤ ወለሌ ግን የለም። ቀደም ሲል የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች እርስዎ ዘንድ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ስለሚደክማቸው ይኸኛውን በአደባባይ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ከእናቷ ጋር ነው። አማቴ ከፎቅ ሲወርዱ ደረጃው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሐኪም ቤት ተኝተዋል። ሐኪሞቹም ምድር ቤት ላይ መታጠቢያና መጸዳጃ ካልተሠራላቸው ወደ ቤት እንደማይለቋቸው፣ ቋንቋቸውን የሚሰማ አንድም ሰው ወደሌለበት የአረጋውያን መኖሪያ እንደሚልኳቸው ነግረውኛል። በሰው አገር፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ግድግዳ ማስፈረስ የጀመርኩት ለዚህ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ለእንደኔ ዓይነቱ እንግዳ በማሰብ የኮንትራክተሩን ፕሮፎርማ በቋንቋዬ አስተርጉሞ፣ ማኅተም አሳርፎ ሰጥቶኛል፤ ስለዚህ ታላቅ ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ከዋጋው ሥር «የግንበኞች መወጣጫ አይጨምርም፤ ፍርስራሽ ማንሳት አይጨምርም፤ የአርክቴክትና የመሐንዲስ ክፍያ አይጨምርም፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ አይጨምርም» የሚል ተጽፎ ባገኘሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ልደብቅዎ አልችልም። እኔ ትምህርቴ ብዙም ያልገፋ ሰው ነኝ። አይጨምርም ማለት ከፍ አይልም፣ ባለበት ይረጋል ማለት መስሎኝ፣ ስሙ ራሱ «ተጨማሪ» የሆነ ታክስ እንኳ የማይጨምርበት አገር ስላደረሰኝ ተንበርክኬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ከዚያም ተነሥቼ ፈረምኩ። ለካ እነዚህ ሁሉ ዋጋው ውስጥ የሉበትም፣ ለየብቻቸው ይከፈላሉ ማለት ኖሯል።

2ኛ. ይህንኑ ይዤ በትርጉም ክፍልዎ ወደምትሠራው የአገሬ ልጅ ሄድኩ። «አባባ፣ ትርጉሙ እኮ ልክ ነው» አለችኝ። «ልጄ፣ የቤት ኪራይሽ አይጨምርም ቢሉሽ ምን ትያለሽ?» አልኳት። «ተመስገን ነዋ የምለው» አለችና ወረቀቱን ደግማ አየችው፤ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። «ውይ፣ አባባ» ብቻ አለች። ከጽሕፈት ቤትዎ እስከ ዛሬ ያገኘሁት ማብራሪያ ይህ ብቻ ስለሆነ በክብር ይዤዋለሁ፤ ልጅቱንም አደራ እንዳይቆጡብኝ፣ ከእናንተ መካከል የደነገጠችልኝ እሷ ብቻ ናት።

3ኛ. አርክቴክቱ ጨዋ ሰው ነው፤ የሚቆሽሽ ወለል ባይኖረኝም ጫማውን በር ላይ ሳይጠርግ አይገባም። ክፍያው ከጠቅላላው ወጪ በመቶኛ የሚታሰብ መሆኑን ያወቅሁት ግን ወጪው ሽቅብ ሲወጣ የእሱም ተከትሎ ሲወጣ አይቼ ነው። ወጪ እንዲቀንስልኝ የቀጠርኩት ሰው ወጪ በቀነሰ ቁጥር የገዛ እንጀራው የሚያንስ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ፈተና ላይ መጣሉ ለነፍሱም ስለማይበጅ ማታ ማታ እጸልይለት ጀምሬያለሁ። መሐንዲሱ በበኩሉ መጣ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ «ህም» ብሎ ሄደ፤ የ«ህም» ሂሳብ በፖስታ ደረሰኝ። ሁለቴ ብሎት ቢሆን ኖሮ ቤቱን መሸጤ ነበር።

4ኛ. ይህን ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ስድብ ነበረበት።

5ኛ. ላቀረብኩት አቤቱታ «ጥያቄዎ ግምት ውስጥ ገብቷል» የሚል ፈጣን መልስ ሰጥተውኛል። ክቡር ሆይ፣ የኮንትራክተሩም ወረቀት አርእስቱ «ግምት» ነበርና፣ ግምት ውስጥ የገባ ነገር እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ ስለማውቅ ደብዳቤዎን የጨረስኩት ግድግዳ ተደግፌ ነው፤ ያልፈረሰውን ግድግዳ።

እርግጥ ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ላይ መከመር አይገባኝም። ራሴን ስመረምር፣ ያንን ቃል ያነበብኩት በዓይኔ ሳይሆን በጭንቀቴ ነው። የለመንኩትን ለማግኘት ከመቸኮሌ የተነሣ የጸሎቴን መልስ ኮንትራክተር ወረቀት ላይ አየሁ። አንድ ሰው አቁሜ «ይህ ምን ማለት ይሆን?» ብል ምን ነበረበት? አላዋቂ እንዳልባል አፈርኩ። ይህንን ከአምላኬ ጋር እጨርሰዋለሁ፤ ማኅተሙ ግን የእርስዎ ነው።

የማይጨምረውን ሁሉ መክፈል ስላቃተኝ አሁን ሥራው ቆሟል። ሳሎኔ መሐል ጉድጓድ አለ፤ ከጉድጓዱም አንድ ቧንቧ አንገቱን አውጥቶ ስገባ ስወጣ ያየኛል። አማቴ በሄድኩ ቁጥር «ልጄ፣ ደረሰ?» ይሉኛል፤ «እየተሠራ ነው፣ እማማ» እላለሁ። እሳቸው ፈጣሪን ሲያመሰግኑ እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። ሐኪም ቤቱ ሰኞ አልጋውን ይፈልገዋል። ሚስቴ በመጨረሻዋ ሰዓት «እናቴን አደራ» ብላኝ ነው የሄደችው፤ አደራ ደግሞ ፕሮፎርማ የለውም፣ ምን እንደሚጨምርና እንደማይጨምርም ከሥሩ አይጻፍበትም።

የምለምንዎ አንድ መስመር ነው፤ ትርጉሙ አሳሳች እንደነበር ጽሕፈት ቤትዎ ይጻፍልኝ። ኮንትራክተሩ በአስተርጓሚ «ያቺን መስመር ካመጡልኝ መታጠቢያውን በመጀመሪያው ዋጋ እጨርስልዎታለሁ፤ ለቀረው እኔና ጽሕፈት ቤቱ እንተሳሰባለን» ብሎኛል። ለመስመሯ ቀለም ካነሰ እኔ እገዛለሁ።

ደጅ በመጥናት ጉልበቱ የዛለ፣ ለክብርዎ ሲሆን ግን ወገቡ ከመታጠፍ ያልቦዘነ፣ ማኅተምዎን አምኖ ቤቱን ያፈረሰ ታዛዥዎ፣

የአንዲት አሮጊት አማች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐኪም ቤቱ አማቴ ሰኞ ወጥተው የሚያርፉበትን አድራሻ እንድሞላ ስላስገደደኝ የጽሕፈት ቤትዎን አድራሻ ሞልቻለሁ። ምድር ቤታችሁ ያለውን መጸዳጃ ተራ ስጠብቅ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ሰፊ ነው፣ ደፍ የለውም፣ መደገፊያ ብረትም አለው። ማታ ሲጸልዩ ድምፃቸው ከፍ ስለሚል ለዘበኞቹ አስቀድመው ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል። ግንበኛውንም፣ ቧንቧ ሠራተኛውንም፣ አርክቴክቱንም በየሥራቸው እየጠሩ ነው የሚጸልዩላቸው። እርስዎንም እንዲጨምሩልኝ ሥራዎ ምን እንደሆነ ልነግራቸው ሞክሬ ነበር፤ ማስረዳት አቃተኝ።