የአራት ቀን ልጄ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እታለሜ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ይጀመራል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ ደህና አይደለሁም።

ልጄን ከቀበርን አሥራ ሁለት ቀን ሆነን። ባሌን ታውቂው የለ፣ አናጺው እንኳን ለሰው ለወንበርም አንጀቱ አይችልም። የሠራለትን አልጋ መፍታት አቅቶት ግድግዳ አስደግፎ አቆመው። ስንበላ ሁለታችንም ጀርባችንን እንሰጠዋለን።

አሟሟቱን በስልክ በደንብ አልነገርኩሽም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጡት አልይዝ አለ። ገላው እሳት ሆነ፣ እምብርቱ ዙሪያውን ቀላ። አንቺን የተካችው ነርስ አይታው፣ «ሆስፒታል ይድረስ፣ መድኃኒቱ እዚህ የለኝም» አለች። አምቡላንስ ብንጠይቅ ካቻምና ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ተባልን። ባሌ ልጁን ደረቱ ላይ አስሮ፣ እኔ አራሷ እግሬን እየጎተትኩ፣ እስከ መኪና መንገዱ ሦስት ሰዓት ተጓዝን። መኪና የተገኘው ከቀትር በኋላ ነው። ልጄ አልጠበቀውም።

ባለፈው ሳምንት የሞት ወረቀቱን ልወስድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። «ሞቶ የተወለደ» ይላል።

«እንዴ! አራት ቀን አጥብቼዋለሁ እኮ!»

ነርሷ አቀረቀረች። «እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ለአለቃዬ ብደውል እንደ ድሮው ጻፊው አሉኝ።»

«አለቃሽ ማን ናቸው?»

«እህትሽ ናቸዋ።»

የድሮውን መዝገብ አምጪ አልኳት። ያንቺን ጽሕፈት መቼም አልስተውም፤ ፊደል የቆጠርኩበት ነው። ሞቶ የተወለደ፣ ሞቶ የተወለደ፣ አሥራ አንድ ጊዜ። ብርድ የገደላት የሸክላ ሠሪዋ ልጅ አለች። የወንዝ ውሃ ጠጥተው ተቅማጥ የጨረሳቸው የወፍጮ ቤቱ መንትዮችም አሉ። መንትዮቹን በዚህ እጄ አጥቤያቸዋለሁ እኮ፤ አንደኛው ጣቴን ጨብጦ አልለቅ ብሎኝ ነበር።

ሞቶ የተወለደ ከሕፃን ሞት አይቆጠርም አለችኝ ነርሷ። ለካ እኛ መንደር በወረቀት ሕፃን አይሞትም! አንቺ በዚያ ተመስግነሽ ከተማ ተሾምሽ፤ አምቡላንሱም ሕፃን የማይሞትበት መንደር ምን ይሠራል ተብሎ ተወሰደ። ግድግዳው ላይ የለጠፍሽው ጽሑፍ ዛሬም አለ፦ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።» ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ማልቀሴን ማቆም አቃተኝ።

ከዳሽኝ፣ እታለሜ። ባዳ ቢያደርገው እረግመውና ይወጣልኝ ነበር። አንቺን ግን ልረግም አፌን ስከፍት «እታለሜ» ብቻ ይወጣል።

ነርሷ ብቻዋን ብታርመው ከእንጀራዋ ትነሳለች። አንቺ ነይና የጻፍሽውንም ያስጻፍሽውንም በገዛ እጅሽ አርሚ፣ የአሥራ አንዱንም የእኔንም። እስከዚያ ወረቀቱን አልፈርምም። ምስክር ካሻሽ ደግሞ ሩቅ አትሂጂ። በተወለደ ዕለት ስልኩን አፉ ላይ አስጠግቼልሽ ሲያለቅስ፣ «ይሄስ ጉሮሮው የአባታችን ነው!» ብለሽ ስቀሻል።

ልጆችሽን እግዜር ያሳድግልሽ፤ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ።

አዝለሽ ያሳደግሽኝ ታናሽሽ