የባውክየ ቀሚስ ወገብ

ለውድ ወንድሜ ለሲብረን፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ኒውዚላንድ ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያምህ የነበረው ወገብህስ ተሻለህ? አገሩስ ለመደህ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልዋሽህ አልችልም፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

የሠርግህ ፎቶግራፍ ደርሶህ ይሆናል። ታናሽ ወንድማችን ዋትሰ እንዲወክልህ የላክኸውን ጓንት ይዞ፣ ባንተ ቦታ ከሙሽራህ ከባውክየ ጎን ቆሞ «አዎ» ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እናታችንም «ምነው፣ ያንተ ሠርግ መሰለህ እንዴ?» ብላው ማዘጋጃ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት አልተሳቀም።

ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከላይ ልክክ ያለ፣ ወገቡ የጠበበ፣ ከታች እንደ ደወል የተነፋ፣ እጅጌው ዳንቴል። የዘንድሮ ሙሽራ ወገቧ በሁለት እጅ ካልተጨበጠ ሙሽራ አትባልም። ኤፕሪል ላይ ስለካት ወገቧ ስልሳ ስድስት ሳንቲሜትር ነበር፤ ቀጥሎ ስልሳ ሁለት፣ በመጨረሻ ሃምሳ ስምንት። በየጊዜው ስፌቱን እየፈታሁ አጠበብኩላት። «አንቺ ልጅ፣ እህል ጠላሽ እንዴ? ሲብረን ባዶ ቀሚስ ሊቀበል ነው!» እያልኩ እቀልድባት ነበር። እሷም «እትዬ፣ ማማሬን ብቻ ንገሪኝ» ትለኝና ፊቷን አዙራ ታስላለች። የጨርቁ ብናኝ ነው አልኳት። ሜትሩን በእጄ ይዤ፣ ቁጥሩን በዓይኔ እያየሁ፣ አማረብሽ አልኳት። ይህን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ወደ አንተ ለምታደርገው ጉዞ ሐኪም ዘንድ ቀርባ በራጅ ስትታይ የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባት፤ የመግቢያ ፈቃዱንም ከለከሏት። አሁን የሳንባ ሕሙማን ሆስፒታል ተኝታለች። መርፌው አልያዘላትም። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «ገናን መድረሷን እንጃ» አለኝ።

እሷ ግን «አንድ ቀን አብሮኝ ያልኖረን ሰው የሐዘን ልብስ አታልብሱት፤ ጋብቻውን አፍርሱለትና ሌላ ያግባ» ትላለች። እንዳንነግርህም አስምላናለች። አባታችንም «ልጁ ገና እግሩን መትከሉ ነው፣ ተዉት» ይላል። የሥራ ውልህን አፍርሰህ ብትመጣ የተመደበልህን መሬት ለሌላ እንደሚሰጡብህ አውቃለሁ። ቢሆንም ና እልሃለሁ። ለሠርጉ ዋትሰ ቆመልህ፤ ለስንብት ግን ወኪል አይላክም። እህቴ የራሷን ጥፋት ለማቅለል ነው የጠራችኝ ብትልም አልቀየምህም፤ እሱም አለበት።

እናታችን ጉንጭህን ትስማለች፤ ሹራብ ጀምራልህ ነበር፣ ልቧ አልሠራ ብሏት ትታዋለች። ዋትሰ ሰላም ይልሃል፤ ፎቶግራፉን ከግድግዳ ያወረደው እሱ ነው። አባታችን ሰላምታውን ልኳል፤ የጻፍኩትን ግን አላሳየሁትም። ከባውክየ ሰላምታ የለህም፤ መጻፌን አታውቅም።

እህትህ ይትስከ
ዶኩም፣ ፍሪስላንድ
ኦክቶበር 17 ቀን 1954