ያስቀረሁት ምርቃት

አዲስ ቅዳም
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከጫግኒ ማዶ በደን እሳት ተከላካይነት ለተቀጠረው ልጄ፣ ለባምላክ ኪዳኑ ይድረስ፤

እንዴት ሰነበትክ ልጄ? እኛ ደህና ነን። እናትህ ወርቅነሽም ደህና ናት፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ ግን እኔን የምትቆጣኝ በአገውኛ ብቻ ሆኗል። አማርኛው አላረካትም መሰለኝ።

ስትደውል «አለን» ከማለት ሌላ አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ነው የጻፍኩልህ። ሰሞኑን አንድ ህልም ይመላለስብኛል። ሥራ ልትጀምር የሄድክ ዕለት እንደቆምከው፣ ራስህን ዝቅ አድርገህ ደጃፌ ላይ ቆመሃል። ልመርቅህ አፌን ስከፍት ጭስ ብቻ ይወጣል። ጭሱ እየሸፈነህ ትሄዳለህ። ስነቃ ውጪው ጉም ነው፤ ህልሙ አልቆ ይሁን ገና ይሁን ለማወቅ ጥቂት እቆያለሁ።

ያን ዕለት «ከሰል እያከሰልኩ አሳድጌህ አንተ እሳት ልታጠፋ ትቀጠራለህ?» ብዬ ሳልመርቅህ ጀርባዬን ሰጠሁህ። የተቆጣሁ መሰልኩ እንጂ ፈርቼ ነበር። እሳትን ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ፤ በአፈር ካልደፈኑት ዘመድ አያውቅም።

አሁን ወሬ ልንገርህ። ባለፈው ማክሰኞ ለከሰል ብዬ ያሳደግኩትን ዛፍ፣ የዘንድሮውን የዲከረንስ እንጨት ከምሬ፣ በአፈር ደፍኜ፣ ለኩሼ እጠብቅ ነበር። ክምር ከተለኮሰ ትተውት እንደማይኬድ ታውቃለህ፤ አፈሩ በአንድ በኩል ከተናደ ነፋስ ይገባና ሁሉም ይነዳል። ነጩ ጭስ ቀስ እያለ ሲወጣ ዓይኔ ፈዞ አንተን አስባለሁ። ቀና ስል ከቤተክርስቲያኑ ደን በታች ሌላ ጭስ አየሁ፤ ጥቁር፣ ሽቅብ የሚሮጥ። ወዲያው ጩኸት ተሰማ። ተነሥቼ ሮጥኩ።

ሰው ሁሉ ቅጠል ይዞ ፊት ለፊት ሊገጥመው ይንደረደራል። እኔ ግን አንተ ከሥልጠና ስትመለስ ምድጃው ዳር፣ አመዱን በስንጥር እየጫርክ ያሳየኸኝ የእሳት ማገጃ መስመር ትዝ አለኝ፤ ያኔ ስቄብህ ነበር። «ፊቱ አትቁሙ! ቀድመን ሣሩን ጠርገን ባዶ መስመር እናውጣ!» ብዬ ጮህኩ።

ጎረቤታችን ይሄይስ «ኪዳኑ፣ ደሞ ይሄን ማን አስተማረህ?» ቢለኝ፣

«ልጄ ነዋ!» አልኩት። ደስ አለኝ ባምላክ፤ እሳቱ እየመጣ ደስ አለኝ።

በማጭድና በዶማ ጠረግን። እሳቱ መስመሩ ዘንድ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ተኛ። ደኑ ተረፈ፤ ወፎቹም በዚያው ማታ ተመለሱ። ቅንድቤ ትንሽ ተለብልቧል። እናትህ «አማረብህ» ብላኛለች፣ በአማርኛ።

የዘንድሮው ከሰል ግን አልሆነም። ስመለስ ክምሩ አመድ ሆኖ ጠበቀኝ። አላዘንኩም ብል እዋሻለሁ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቆየሁ፤ ኋላ ሳየው፣ ለካ እጄ አመዱ ላይ ያንተን መስመር እየጫረ ኖሯል። አንተ ስለ እኛ አታስብ፤ እንደምንም እንከርማለን።

ለፋሲካ ከፈቀዱልህ ና። እስከዚያው ግን ይህን ስታነብ እዚያው ባለህበት ራስህን ዝቅ አድርግ። እኔም ደጃፌ ላይ ቆሜያለሁ።

ነፋሱን ከኋላህ ያድርግልህ። ያወጣኸውን መስመር እሳት አይሻገረው። ጭስ ከጓዶችህ አይለይህ፤ አብረህ ወጥተህ አብረህ ግባ። ያባትህን ፍርሃት ለኔ ይተወው፣ ላንተ ልብ ይስጥህ።

አሜን በል ልጄ፤ እሰማሃለሁ።

አባትህ ኪዳኑ