አሸዋ ሳይወረወር ውሃ አይገባም

ልጄ ኬይሊን፣ ያሳደገሽ ባሕር አይርሳሽ። ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ እንደ አመሉ ነው። ካንጋሮዎቹም ባሕር ዳር ተጋድመው እንግዳ ይንቃሉ።

የምሠራበት አስጎብኚ ድርጅት አዲስ አለቃ ብሬት፣ እንግዶች ይዘን በወጣንበት የአራት ቀን ጉዞ ላይ፣ «አክስቴ፣ ረፍዷል፤ ዛሬ አሸዋ መወርወሩ ይቅርና እንግዶቹ ይዋኙ» አለኝ፤ እሱም እንደ ሌላው ሰው ለአክብሮት አክስቴ ይለኛል። እኛ ኑንጋሮች፣ የዚህ ምድር የጥንት ሰዎች፣ አሸዋ ወርውረን ውሃው ውስጥ ላሉት አያቶቻችን መምጣታችንን ሳንናገር ውሃ ገብተን እናውቃለን?

«እናትህ ቤት ሳታንኳኳ ትገባለህ?» አልኩት።

«ቁልፍ አለኝ» ብሎ ሳቀ።

«የዚህ ቤት ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው» ብዬ ወደ ውሃው በሚወስደው መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ።

እንግዶቹ አንድ በአንድ አሸዋ ዘግነው፣ ስማቸውን እየተናገሩ ውሃው ላይ ወረወሩ። ብሬት ጫማውን እንዳደረገ ዳር ቀረ። ከፈለገ ያባርረኝ፤ ባሕሩን ይዞ አይሄድ።

የምትረግጪው መሬት ይውደድሽ። አደራ፣ እዚያ አየርላንድም ውሃ ከመግባትሽ በፊት አሸዋ ወርውሪና ስሜን ጥሪ። የዚያ ውሃ አያቶችም የማን ልጅ እንደመጣችባቸው ይወቁ።