«ሐላል ይሁንልህ» ያልሽው ለማን ነው?

ለውድ እህቴ ለእታለም ነሲባ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? ሙቀቱስ እንዴት ያደርግሻል? እመቤትሽ ጁምዓ እንኳ ታሳርፍሽ ጀመር? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ክረምቱ ጠንክሯል፤ የመካነ ሰላም ጭቃም እንደምታውቂው ነው፣ ጫማ ይነጥቃል።

እናታችን እቴቴ ስልክሽን የማታነሳው ታማ አይደለም። ወንድማችን ሃሩን «ኔትወርክ ነው» ያለሽም ሊሸፍን ብሎ ነው። ተቀይማሽ ነው። በስልክ ብነግርሽ እንዳላንባርቅ ፈርቼ፣ ከጅዳ ለዕረፍት መጥታ በነበረችው በቀመር እጅ ይህን ላክሁልሽ።

የጎረቤታችንን ልጅ ሙሐሲንን መቼም አትረሺውም። ከአቀስታ ገበያ እስከ እኛ ከተማ አህያ የሚነዳበት የኮምፒውተር ጌም ሠራ። ኮዱን ራሱ ነው የጻፈው፤ በዚህ አላማውም፣ ጎበዝ ነው። እኔ ደግሞ ከማስተማሩ ጎን ለጎን፣ ለማንም በነፃ የሚታደል የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በፈቃደኝነት እጠቀልላለሁ፤ ማለትም ሰው በቀላሉ እንዲጭነው አዘጋጅቼ ወደ ጋራ ማከማቻ አስገባለሁ። ጌሙን ጠቅልለህ አስገባልኝ አለኝ። ሥዕሉና ድምፁ ከማን እንደመጣ፣ ባለቤቱም መፍቀዱን ሳላጣራ አላስገባም። ከፍቼ አየሁት። የአህያዋ ሥዕል ከሚሸጥ ጌም የተሰረቀ፣ የገበያው ጫጫታ ከሰው ፊልም የተቆረጠ። ተጫዋቹ ሲያሸንፍ የሚሰማው ደግሞ በእኔና በፈይዛ ሠርግ ላይ ያዜምሽው ነው፣ በገዛ ድምፅሽ። ፈቃዱ በሚጻፍበት ቦታ «ሁሉም ሐላል ነው፤ ማንም ለፈለገው ይጠቀምበት» ብሎ አስፍሯል። ወደ ማከማቻው የሚገባውን የሚመረምሩት የውጭ ሰዎች ይህን ሳሳያቸው፣ «ሐላል የሚባለው ፈቃድ የትኛው ነው? ሙሉ ጽሑፉን ላክልን» አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን በሀፍረት ተሸማቀቅሁ።

ሙሐሲንን ስጠይቀው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ነሲባ ሐላል ይሁንልህ ብላኛለች» አለ። ብለሽው ይሆናል፤ አንቺ ማንን እምቢ ብለሽ ታውቂያለሽ! ግን «ይሁንልህ» ያልሽው ለእሱ ነው እንጂ ለዓለም ሁሉ አይደለም። ጎረቤትህ በበሬዬ እረስ ቢልህ፣ በሬውን ነድተህ ለመንገደኛ ሁሉ ታድላለህ ወይ አልሁት። «አቦ አታካብድ» ብሎኝ ሄደ።

እኔ ጥቅሉን ሳላስገባ ባቆየውም እሱ ቀድሞ ኢንተርኔት ላይ ለቆት ነበር። ማንነቱን የማናውቀው የቁማር ነጋዴ ድምፅሽን ቆርጦ የቤቲንግ ማስታወቂያ አደረገው። እቴቴ ከአቀስታ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከአንድ ተሳፋሪ ስልክ ሰማችው። «የልጄ ድምፅ!» ብላ እልል ልትል ስትል ሰውዬው ምን እንደሆነ ነገራት። ቤት ገብታ የላክሽላትን ሻሽ አወለቀችና ሳጥን ውስጥ ከተተችው። «የሠርግ ዜማችንን ለቁማር ሸጠችው» አለች። እውነቱን አስረዳኋት፤ ግማሹን ብቻ ነው ያመነችኝ። ሙሐሲን ይቅርታ መጠየቁ ቀርቶ «ነሲባን ዝነኛ አደረግኋት» እያለ ያወራል። ሰላምታውን እንኳ ተጸይፌዋለሁ።

አሁን የምጠይቅሽ ይህን ነው። ድምፅሽ ጥቅሉ ውስጥ እንዲገባ ከፈቀድሽ፣ የምትፈቅጅው ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ነገር ነው። «ከቁማር በስተቀር» የሚል ብትጨምሪበት የመርማሪዎቹ ሕግ አይቀበለውም፤ ለዚህ ተጠቀም፣ ለዚያ አትጠቀም የሚል ፈቃድ እነሱ ዘንድ ነፃ አይባልም። እኔም አምኜበት የምሠራበት ሕግ ነው፤ ዘንድሮ ግን መረረኝ። ይሉኝታ ይዞሽ እሺ እንዳትዪ። እምቢ ካልሽ ሙሐሲን ፊቱን ያጥቁር እንጂ አወጣዋለሁ፤ ማስታወቂያውንም እንዲያነሱት በስምሽ እጽፋለሁ። እሺም በይ እምቢ በገዛ እጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ለእቴቴም የማነብላት እሱን ነው።

ፈይዛ አብዝታ ሰላም ትልሻለች፤ ሆዷ ገፍቷል፣ በዱዓሽ አትርሻት። ሃሩን ስለዋሸሽ አፉ በይኝ ብሏል። አጎታችን ሼህ አሕመድኑር ከደረሶቻቸው ጋር ዱዓ ያደርጉልሻል። ጎረቤታችን ኡምኩልሱም «መቼ ነው የምትመጪው?» ትላለች።

እቴቴ ሰላምታ አልላከችም። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ምን እያልካት ነው አለችኝ። እምቢ ካለች ድምፅዋን ከጌሙ ላወጣው ነው አልኋት። ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ከማውጣትህ በፊት አንዴ አሰማኝ» አለች። ከፈትሁላት። ሲያልቅ እንደገና ክፈተው ትለኛለች፤ አሁንም እየሰማችሽ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ ኸይሩ

መካነ ሰላም፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.